ጉዳዩ ፍርድ ቤት እያለ በሶሻል ሰርቪስ ላይ ቅሬታ ማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው ወሬ ስለ እንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ካውንስሉ (ሶሻል ሰርቪስን የሚያስተዳድረው የአካባቢ መስተዳድር) የልጆችን ጉዳይ ፍርድ ቤት አድርሷል፣ ችሎቱ ገና አላለቀም፣ ወላጆች ደግሞ በሶሻል ወርከሯ አሠራር ተቃጥለዋል። ቅሬታ ያስገቡ ወይስ ይጠብቁ?

አንዱ ወዳጅ «አፍህን ያዝ፣ ልጅህን ይወስዱብሃል» ይላል። ሌላው ሃያ ገጽ ጽፎ ለካውንስሉም፣ ለፓርላማ አባሉም፣ ለዳኛውም ይበትናል። ሁለቱም አያዋጣም። ቅሬታ ማቅረብ መብት ነው፤ ቅሬታ ሰሚው ግን ልጅ አይመልስም። ልጁ የት ይደር፣ ኬር ኦርደር (ልጁ በካውንስሉ እንክብካቤ ሥር እንዲሆን የሚያደርግ ትዕዛዝ) ይሰጥ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ዳኛው ብቻ ነው። ስለዚህ «ሶሻል ወርከሯ በስቴትመንቷ፣ ማለትም ለፍርድ ቤት ባስገባችው የጽሑፍ ቃል፣ ያልሆነ ነገር ጻፈች» የሚለው ነገር ቦታው ቅሬታ ሳይሆን የእናንተ መልስ ስቴትመንት ነው። ዳኛው የሚያነበው እሱን ነው። በኬር ጉዳይ ወላጅ ገቢው ሳይታይ ነፃ ጠበቃ ስለሚያገኝ ሶሊሲተራችሁን በዚህ አሠሩት።

ታዲያ ለቅሬታ ምን ይቀራል? ብዙ ይቀራል። የተሰረዘ ኮንታክት (ከልጃችሁ ጋር የምትገናኙበት ቀጠሮ)፣ ያልመጣ አስተርጓሚ፣ ያልተላከ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ሳምንታት መልስ ያጣ ኢሜይል። እነዚህን ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ አይመረምራቸውም። የ2006ቱ የቅሬታ ደንብ፣ ቅሬታውን ማየት የፍርድ ሂደቱን ይጎዳል ብሎ ካመነ፣ ካውንስሉ እንዲያቆየው ይፈቅድለታል። «ፍርድ ቤት ስላለ» ብሎ በደፈናው መመለስ ግን በቂ አይደለም፤ ምን እንደሚጎዳ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ያን ደብዳቤ አስቀምጡት። ሂደቱ ካለቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ቅሬታውን መልሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ጊዜው ያልፍበታል።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ። እናት «ማታ በሁለት ሰዓት ከሥራ ገባሁ» ትላለች። ሰዓት አቆጣጠራችንን የማያውቅ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2:00፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ልጆቹም በወረቀት ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ማዶ ብቻቸውን ያመሻሉ። የልደት ዓመት በእኛ ካላንደር ተነግሮ እንዳለ ይጻፋል፣ ልጁም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ፣ የእናቱ ደግሞ የአባቷ ሲሆን «ስማችሁ ለምን አይገጥምም?» የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። በተለይ ልጁ ራሱ ሲያስተረጉም (መሆን የሌለበት ነገር ነው) እንዲህ ያለ ስህተት ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይዞራል። መጀመሪያ ስህተቱን በስቴትመንታችሁ አስተካክሉ፣ ቀጥሎ ፋይሉ እንዲታረም ካውንስሉን በጽሑፍ ጠይቁ። በመረጃ ጥበቃ ሕጉ በመደበኛው አንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የሶሻል ወርከሯን አስተያየት አይሰርዙላችሁም፤ አለመስማማታችሁ ግን አብሮ እንዲቀመጥ መጠየቅ ይቻላል።

አጻጻፉን በተመለከተ፦ አንድ ገጽ ይበቃል። ቀን፣ የሆነው፣ መሆን የነበረበት፣ የምትፈልጉት መፍትሔ። «ትጠላናለች» አትበሉ፤ «በእነዚህ ሦስት ቀናት ኮንታክት ተሰርዟል፣ ምክንያቱ አልተነገረንም» በሉ። ደብዳቤው ነገ ችሎት ሊቀርብ ይችላል፤ ስድብ ካለበት «ከባለሙያ ጋር መሥራት አይችሉም» ለሚል ክርክር ይሆናል። ሳይላክ ጠበቃ ይየው።

ደረጃው ሦስት ነው። የመጀመሪያው መልስ በ10 የሥራ ቀን፣ ቢበዛ በ20 ይመጣል። ካልረካችሁ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ሁለተኛውን ጠይቁ፤ መርማሪና ከካውንስሉ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ሰው ይመደባሉ፣ በ25፣ ቢረዝም በ65 የሥራ ቀን ይጨርሳሉ። ሦስተኛው ቅሬታውን እንደገና የሚያይ ፓነል ነው። ከዚያ ኦምቡድስማን፣ አገር ቤት እንባ ጠባቂ የምንለው፤ ፍርድ ቤት የወሰነውን ግን እሱም አይነካም። የሕፃናት ጥበቃ ምርመራው ራሱ በዚህ ባለ ሦስት ደረጃ መንገድ አይሄድም፤ በካውንስሉ ጠቅላላ የቅሬታ አሠራር ነው የሚታየው። የሶሻል ወርከሯ የሙያ ብቃት ወይም ሐቀኝነት ካጠያየቀ ደግሞ ተቆጣጣሪው ሶሻል ወርክ ኢንግላንድ ነው።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ግን እንዳትወጡ! የልጁን ማንነት ወይም የችሎቱን ወረቀት በአደባባይ ማውጣት ፍርድ ቤትን መድፈር ሊሆን ይችላል። ቅሬታ ለማቅረብ የሚያስፈልገውን ያህል መረጃ ለቅሬታ ሰሚው መስጠት ግን በችሎቱ ደንብ የተፈቀደ ነው።

ያንገበገባችሁ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ራሱ ከሆነ መንገዱ ይግባኝ ነው። በመደበኛው 21 ቀን አላችሁ፤ በጊዜያዊ ኬር ኦርደር ላይ ግን 7 ቀን ብቻ። ቅሬታ ማስገባት ይህን ቆጠራ አያቆመውም፤ ስለ ይግባኝ ሶሊሲተራችሁን የምትጠይቁት ውሳኔው በተነበበበት ዕለት ነው።