ሁለት ነጥብ እና ኮሎን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ፕሮግራሚንግ እንግሊዝኛ አፋቸውን ላልፈቱበት ሰዎች ይቅለል በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ የፕሮግራሚንግ ቋንቋውን ቁልፍ ቃላት፣ ማለትም ቋንቋው ለራሱ ትእዛዞች የያዛቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት፣ መተርጎም ነው። እኔም ሐሳቡን አልንቀውም፤ ፌሊየነ ኸርማንስ የተባሉት የኔዘርላንድስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረጉት ሄዲ የተባለ የፕሮግራሚንግ መማሪያ ቋንቋ ልጆች ትእዛዞቹን በየቋንቋቸው እንዲጽፉ በማድረጉ ብዙዎችን ረድቷል። ይሁን እንጂ ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያሉት ቁልፍ ቃላት 35 ብቻ ስለሆኑ እነሱን መልመድ የሚከብደው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ዋናው ችግር ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ይህን እንድል ያደረገችኝ ፕሮግራሚንግ የማስተምራት፣ ሐሳቧን በአረንጓዴ ደብተር የምታሰናዳ አንዲት ተማሪዬ ናት።

የምትሠራው የተማሪዎችን ውጤት ተቀብሎ አለፉ ወይስ ወደቁ የሚል አጭር ፕሮግራም ነበር። እንደ ልማዷ ሐሳቡን በመጀመሪያ በደብተሯ ላይ በአማርኛ አሰናድታ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ስትመጣ ቫሪያብሎቿን፣ ማለትም ፕሮግራሙ መረጃ የሚይዝባቸውን ስሞች፣ «ውጤት» እና «ማለፊያ» ብላ ሰየመቻቸው። ይህ የተፈቀደ ነገር ነው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው ዩኒኮድ ገብቷል፣ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ እንዲህ ያሉ ስሞችን ይቀበላል። ውጤቱን ከማለፊያው የምታነጻጽርበትን መስመር ስትጨርስ ግን ኪቦርዱ ገና በአማርኛ ላይ ስለነበር፣ ፓይተን በመስመሩ መጨረሻ በሚፈልገው ኮሎን (:) ፋንታ የእኛው ሁለት ነጥብ (፡) ገባ። በስክሪን ላይ ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ፓይተን ቆመና በመስመሩ ውስጥ ተቀባይነት የሌለው ምልክት እንዳለ በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ የምልክቱን የዩኒኮድ ቁጥር 1361 ብሎ ጠቀሰ፣ ከሥሩም ጠቋሚ ምልክት አደረገ። እሷም ጠቋሚውን አየች፣ መስመሩን አየች፣ እንደገና ጠቋሚውን አየችና «መምህር፣ ሁለቱም ነጥቦች አሉ እኮ!» አለችኝ።

እውነቷን ነበር፤ ሁለቱም ነጥቦች አሉ። ልዩነቱን ካስረዳኋት በኋላ የጠበቅሁት ያንን አንድ ምልክት ቀይራ እንድትቀጥል ነበር። እሷ ግን ወደ ላይ ተመልሳ የአማርኛ ስሞቿን አንድ በአንድ አጠፋችና በኤክስ እና በዋይ ተካቻቸው። ፕሮግራሙ ሠራ። ደስ ብሏት «አሁን ትክክለኛ ኮድ ሆነ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከውስጤ አልወጣ ያለው ይህ አነጋገሯ ነው። ኤክስ ለአማርኛ ተናጋሪም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪም የሚነግረው ነገር የለም፤ ሐሳቧን ይዞ የነበረው ስም ጠፍቶ ትርጉም የሌለው ፊደል ሲተካው ግን «ትክክለኛ» ተባለ። ይህን ማን አስተማራት? እኔ አላልኳትም፤ ማሽኑም ስሞቹን አልተቃወመም።

ፊሊፕ ጉዎ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ከ86 አገሮች 840 ሰዎችን ጠይቀው ነበር፤ ከተዘረዘሩት እንቅፋቶች አንዱ እንግሊዝኛንና ፕሮግራሚንግን በአንድ ጊዜ መማር ነው። ተማሪዬ የተደናቀፈችው በዚሁ ነው ልበል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ምክንያቱም መልእክቱን ቃል በቃል ብንተረጉምላት እንኳ ጥያቄዋ «ነጥቦቹ እኮ አሉ» የሚል መሆኑ አይቀርም ነበር። የሚያስፈልጋት «ይህ የአማርኛ ሁለት ነጥብ ነው፤ ኪቦርድሽን ቀይሪና ኮሎን አስገቢ» የሚል፣ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ መልእክት ነው።

እዚህ ላይ ኤክሴል የተባለው የሰንጠረዥ ፕሮግራም ትዝ ይለኛል። ጀርመናዊው በጀርመንኛ የጻፈው የፎርሙላ ስም ፈረንሳዊው ፋይሉን ሲከፍት በፈረንሳይኛ ይታየዋል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ አንድን ነገር በብዙ ቋንቋ ማሳየት የማይቻል አይደለም። በስህተት መልእክቶች ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ፤ የተተረጎመ መልእክት የደረሰው ሰው ያንኑ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ መፍትሔው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሲ ሻርፕ ኮምፓይለር፣ ማለትም በዚያ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ለማሽኑ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ስህተት መለያ ቁጥር መስጠቱ ለዚህ ይጠቅማል፤ ቋንቋው ቢለወጥም ቁጥሩ አይለወጥምና።

እናም ለጀማሪ ከሚያጋጥሙት ስህተቶች ተነሥተን የአማርኛ ማብራሪያ ብንጽፍስ እላለሁ፤ የመልእክቱን ትርጉም ሳይሆን በእኛ ኪቦርድ ላይ የሚፈጠረውን ነገር የሚያስረዳ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ፓይተን በየዓመቱ በአዲስ እትም ሲወጣና መልእክቶቹ ሲለዋወጡ አብሮ የሚያድሰው ሰው ማግኘት ነው። ደግሞስ ማብራሪያው ቢኖር ስሞቹን አታጠፋቸውም ነበር? ነገ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር ስትሠራ ፊደላችንን የማያነብ ሰው ኮዷን ማንበብ ይኖርበታል፤ በዚህ በኩል ካየነው ምናልባት ከእኔ ቀድማ ያሰበችው ነገር አለ። ግን ለዚያ ኤክስ አይጠቅምም፤ ለዚያ እንኳ አይጠቅምም፣ እና እኔ ይህን ስነግራት አማርኛውን ተዪው እንዳልኳት ሳይሰማት እንዴት አድርጌ…