ቦዩን ማን ይቆፍረው?

እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቼ። ከጅማ ነው የማናግራችሁ። ዛሬ የማነሣው ፈጣን ኢንተርኔት ወደ ገጠር ቤቶች ስለሚገባበት መንገድ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ስለ ቁፋሮው።

«ገጠሩ እኮ ኔትወርክ አለው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ስልክ አለ። ቴሌብር በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና መቀበል ቀሏል፤ በ2015 ደግሞ ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር ሁለተኛ አማራጭ መጣ። እኔ የማወራው ግን ስለ ቤት ነው፤ ልጅ ትምህርቷን ሳይቆራረጥ የምትከታተልበት፣ እናት ከሐኪም ጋር እየተያየች የምትነጋገርበት፣ እያንዳንዱ ሜጋ ባይት በስስት የማይቆጠርበት መስመር። የስልክ ማማ ያለውን አቅም በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ይካፈለዋል። ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ማና ወረዳ ነው። የቡና ማኅበራቸው ጸሐፊ ፋይሎቹን በፍላሽ ይዞ ጅማ ከተማ ድረስ ይመጣና ከዚህ ልኮ ይመለሳል። የሥራ ቀኑ በዚሁ ያልቃል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛው በካርታ ነጥብ ተለክቶ መቅረብ አለበት፤ ደን ተመንጥሮ የተገኘ አለመሆኑ እንዲታወቅ። ደንቡ የሚጸናበት ቀን ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን ከወዲሁ ተጀምሯል። የአባላቱ ሁሉ ማሳ፣ ፎቶግራፍ፣ ሰነድ መሄድ አለበት። ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ሲወራ ዘወትር የሚነገረው ምን ያህል እንደምናወርድ ነው። ይህን ጸሐፊ የሚያንከራትተው ግን መላክ ነው፤ መስመር ሲታቀድ ይህ ፍላጎት ከመጀመሪያው ሊታሰብበት ይገባል።

ፋይበር፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያሳልፈው ቀጭን የመስታወት ክር፣ ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል። አንድ የመስታወት ክር ከከተማ ተነሥቶ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በመከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይዳረሳል። በመካከሉ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የለም። ቤት ውስጥ የምትቀመጠው ሣጥን የምትወስደው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ መለስተኛ የፀሐይ ፓነልና ባትሪ ያኖሯታል። ዝናቡንም አስቡት። ከማማ ወደ ማማ በአየር የሚተላለፈው ማይክሮዌቭ ዶፍ ሲወርድ ይዳከማል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ብርሃን ግን ለዝናብ አይበገርም።

ታዲያ ምን ያዘው? ክሩ ውድ ሆኖ አይደለም። ከወጪው ትልቁን የሚወስደው መሬቱን መክፈት ነው። በእኛ ገጠር ቤቶች ተሰብስበው የቆሙ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በቡናውና በእንሰቱ መካከል ለብቻው ነው። ከአንዱ ቤት እስከ ሌላው ያለውን ሜትር የሚያሰላ ኩባንያ አያዋጣኝም ቢል አይገርመኝም።

በእንግሊዝ አገር፣ ላንክሻየር በሚባል ግዛት፣ የገጠር ሰዎች ይኸው መልስ ተሰጥቷቸው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ራሳቸው ተደራጁ፤ ማኅበራቸው ባርን ተብሎ ይጠራል። ገበሬዎቹ ቦዩ በማሳቸው እንዲያልፍ ያለ ክፍያ ፈቀዱ፣ ነዋሪዎቹ አክሲዮን ገዙ፣ ቆፍረውም ቱቦውን ቀበሩ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት ያገኛሉ፤ ሲያወርዱም ሲልኩም እኩል። ይህን ስሰማ የመጣብኝ ደቦ ነው። ቤት በደቦ የሚቆምበት፣ እህል በደቦ የሚሰበሰብበት አገር ነው የምንኖርበት። አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ይቆፍራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ነገ ደግሞ ተራው የሌላው ነው። ላንክሻየሮች እንደ አዲስ ያደራጁትን ጉልበት እኛ ከአያቶቻችን ወርሰነዋል።

የቡና ለቀማው በጥር ግድም ሲያበቃ እጅ ይፈታል። ቀዩ አፈር በበጋ ይጠጥራል፤ ቢሆንም ቋጥኝ አይደለም። ክብደቱ ያለው ሌላው ላይ ነው። ጃርትና ፍልፈል የእንሰት ጓሮን እንዴት እንደሚያርሱት ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ የብረት ልባስ ያለው ኬብል ያስፈልጋል። ቦዩ በቡናው መካከል ሳይሆን የአጥር ዳር ዳሩን መሄድ አለበት፤ ሥር የተቆረጠበት ገበሬ ሁለተኛ አይፈቅድም፣ ትክክልም ነው። የተበጠሰ ክር የሚቀጥል ወጣት በየወረዳው መሠልጠን አለበት፤ ጥገና ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እስኪመጣ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

ፈቃዱስ? የቴሌኮም አገልግሎት ለመስጠት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀበሌው ኦፕሬተር ይሁን አልልም። ቦዩና ባዶው ቱቦ የማኅበሩ ይሁን፤ ፈቃድ ያለው ድርጅት ክሩን ያሳልፍበት፣ ለማኅበሩም ኪራይ ይክፈል። እንዲህ ከሆነ የኩባንያው ትልቁ ወጪ ይቀንሳል፤ የገበሬውም ላብ ንብረት ይሆናል። ላንክሻየር ላይ የቆፈረ ሰው ጉልበቱ በአክሲዮን ይታሰብለት ነበር፤ እዚህም ያለዚያ ባይጀመር እመርጣለሁ። ደቦ ነው ተብሎ የድሃ ጉልበት በነጻ ተወስዶ ንብረቱ የሌላ ቢሆን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ዋናው መስመር ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ ማስተላለፊያዎቹ ላይ ፋይበር አለው፤ ለቴሌኮም ድርጅቶችም ያከራያል። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ሥራ ሲጀምር የዚህ አካባቢ ሰው ኃይሉ በራሱ ላይ አልፎ ሲሄድ ለብዙ ዓመት በኩራዝ አምሽቷል። ዳታውም እንዲሁ በላዩ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ወደ እህቴ ቀበሌ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ አፈሩ ተከፍቶ ነበር። ያኔ ባዶ ቱቦ ቢቀበር ኖሮ ዛሬ ግማሹ ሥራ አልቆ ነበር። በአካባቢያችሁ መንገድ፣ የውኃ መስመር ወይም የመስኖ ቦይ ሊቆፈር የታሰበ ካለ አሁኑኑ ቀበሌያችሁን ጠይቁ፤ ቱቦ አብሮ ይቀበር በሉ። ምን መልስ እንደተሰጣችሁም ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ዝግጅት አነብበዋለሁ።