ከቡናው ውስጥ የባክቴሪያዎቹ ድርሻ

[ምስል፦ ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ ሲቀዳ]

ተራኪ፦ ቡና በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ካፌይን ነው። ካፌይን ግን የማንንም እርዳታ አይሻም፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አብዛኛው ወደ ደም ይገባል። የዛሬው ጉዳያችን ዝግተኛው ጓደኛው ነው፦ ክሎሮጀኒክ አሲድ።

ጥሬ ቡና በዚህ ውህድ የበለጸገ ነው። ምጣድ ላይ ሲቆላ ግን ይቀንሳል፤ ቆላዩ ባጠቆረው መጠን የሚተርፈውም ያንሳል። ከሰል እስኪመስል የሚቆሉ ወዳጆቻችን ይህን ቢሰሙ አይከፋም።

[ምስል፦ የትንሹና የትልቁ አንጀት ሥዕል]

እ.ኤ.አ. በ2001 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ክሎሮጀኒክ አሲድ የት እንደሚገባ ለማወቅ ፈለጉ። ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሰባት ሰዎች መረጡ። የእነዚህ ሰዎች ትንሹ አንጀት የሚያወጣው ሆዳቸው ላይ በተገጠመ ከረጢት ስለሚጠራቀም፣ ሰውነት ሳይወስደው የቀረውን መለካት ይቻላል። ወደ ሰውነት የዘለቀው ሲሶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትልቁ አንጀቱ ባለበት ሰው ቀሪው ሁለት እጅ ቁልቁል ይወርድና ባክቴሪያዎች እጅ ይገባል።

[ምስል፦ ሞለኪውሉ ለሁለት ሲከፈል]

ክሎሮጀኒክ አሲድ የካፌይክ አሲድና የኩዊኒክ አሲድ ጥምር ነው። ባክቴሪያዎቹ በኤንዛይሞቻቸው ማያያዣውን ይቆርጡታል። ካፌይክ አሲድ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ይጨምሩና ዳይሃይድሮካፌይክ አሲድ የሚባል ውህድ ያደርጉታል። ደማችን ውስጥ የሚገባው እንግዲህ በሲኒው ያልነበረ፣ እነርሱ የሠሩት ነገር ነው። መጠኑ በደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የተጠጣ አቦል፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ።

[ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ባክቴሪያዎች]

ቡና ባክቴሪያዎቹንም ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካና በብሪታንያ የሚኖሩ ከ22 ሺህ በላይ ሰዎችን የሰገራ ናሙና ከአመጋገባቸው ጋር አስተያየ። ከሁሉም ምግብና መጠጥ ይልቅ በአንጀት ባክቴሪያዎች ላይ ጎልቶ የታየው የቡና አሻራ ነበር። በተለይ ላውሶኒባክተር አሳካሮሊቲከስ የተባለው፣ ስም ከወጣለት ገና ጥቂት ዓመታት የሆነው ባክቴሪያ፣ ቡና በሚያዘወትሩ ሰዎች አንጀት ውስጥ ከማይጠጡት እስከ 8 እጥፍ በዝቶ ተገኝቷል።

ታዲያ ይህ የካፌይን ሥራ ይሆን? አይመስልም። ካፌይኑ የወጣለትን ቡና በሚጠጡትም ዘንድ ባክቴሪያው በርክቷል። ላብራቶሪ ውስጥም ቡና ሲጨመርለት፣ ካፌይን ኖረውም አልኖረው፣ ይበልጥ ተራብቷል።

[ምስል፦ ባዶ ሲኒዎች በረከቦት ላይ]

ይህን ሰምቶ «ቡና አንጀት ያክማል» የሚል ሻጭ ከመጣ ግን ጥናቱ እንዲህ አላለም። ያሳየው ቡናና ይህ ባክቴሪያ አብረው መገኘታቸውን ነው፤ ባክቴሪያው ለባለቤቱ ጤና ምን እንደሚሠራ ሌላ ምርመራ ይጠይቃል።