ኮረብታውን ወጥቶ፦ አንድ ቀን በዊምብልደን መንደር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ከአገር ቤት ለንደንን ሊጎበኙ የሚመጡ ዘመዶቼ ቤተ መንግሥቱንና ትልቁን ሰዓት አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው ሲጨርሱ «አሁንስ ወዴት ትወስደናለህ?» ይሉኛል፤ እኔም ሳላመነታ ወደ ዊምብልደን እወስዳቸዋለሁ። ብዙዎቹ ቴኒስ ላሳያቸው ይመስላቸዋል። ቴኒሱ ግን በዓመት የሁለት ሳምንት ነገር ነው፤ የዛሬው ወጌ በቀሩት 50 ሳምንታት እዚያ ስላለው መንደር ነው።

ከዋተርሉ ጣቢያ በባቡር 20 ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ዊምብልደን ይደረሳል። እዚያ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አለ። ታች ሰፈር ጣቢያውና የገበያ አዳራሹ ያሉበት፣ እንደ ማንኛውም የለንደን ዳርቻ የሚጨናነቅ ሥፍራ ነው፤ መንደር የሚባለው ላይኛው፣ ኮረብታው ላይ ያለው ነው። 93 ቁጥር አውቶቡስ ያወጣል፤ እግሩ የፈቀደለት ግን በእግሩ ቢወጣ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ሕንፃው እያጠረ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሰው ከከተማ የወጣ የሚመስለው በእግሩ ሲወጣው ነው። በዋናው ጎዳና ላይ ቡና ቤቶችና የልብስ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። ስለዚህ እኔ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቼ ምሳዬን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ። ቡናው የሚጠጣውም በመስኮት በኩል ወደ ውጭ እየተመለከቱ ነው፤ በመንደሩ ውስጥ የፈረስ ጋጣ ስላለ፣ የራስ ቁር የደፉ ልጃገረዶች ፈረሶቻቸውን አሰልፈው በአስፋልቱ መካከል ሲያልፉ፣ የዚያ ሁሉ ውድ መኪና ባለቤት ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ባለፈው የበጋ ወቅት ከደብረ ብርሃን የመጡትን አክስቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ከጎዳናው ወጥተን ኩሬውን ካለፍን በኋላ በመጀመሪያ የሄድነው ወደ ካኒዛሮ መናፈሻ ነው። በፀደይ የመጣ ሰው ቁጥቋጦዎቹ በቀይና በሐምራዊ አበባ ተሸፍነው ያገኛቸዋል፤ መግቢያም አይከፈልበትም። እኔን ለዓመታት ወደዚያ ያመላለሰኝ ግን አበባው ሳይሆን፣ እዚያ ቆሞ የነበረው፣ ከደረት በላይ የተቀረጸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ነው። ጃንሆይ ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በስደት ለንደን ከገቡ በኋላ፣ በኋላ ወደኖሩበት ወደ ባዝ ከመሄዳቸው በፊት፣ በዊምብልደን በሴሊግማን ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጠው ነበር፤ ሐውልቱንም የቀረጸችው የቤቱ እመቤት ሂልዳ ሴሊግማን ነበረች። እስከ እ.ኤ.አ. 1957 ድረስ በቤተሰቡ የአትክልት ሥፍራ ቆይቶ፣ ቤቱ ሲፈርስ ወደ መናፈሻው ተዛወረ። የመናፈሻው ስም የተወሰደው በ19ኛው መቶ ዘመን እዚያ ይኖር ከነበረ ሲሲሊያዊ መስፍን ማዕረግ ነው፤ ከጣሊያን ጦር የተሰደዱ ንጉሥ ምስላቸው በጣሊያን መስፍን ስም በሚጠራ ሥፍራ መቆሙን ባሰብኩ ቁጥር ሳልወድ በግዴ ፈገግ እል ነበር።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ በተገደለ በማግሥቱ፣ ያ ሐውልት ተሰባበረ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሄጄ የነበረበትን ቦታ ሳየው፣ የአገራችን ሐዘንና ቁጣ በእንግሊዝ የአበባ ቁጥቋጦ መካከል ድረስ ተከትሎን መምጣቱ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለአክስቴም ቦታውን አሳየኋቸው። ምንም ሳይናገሩ ቆዩና «በል፣ ወደ ሜዳው እንሂድ» አሉኝ።

ሜዳው የዊምብልደን የወል መሬት ነው። ከአጎራባቹ ፐትኒ ጋር 460 ሄክታር ገደማ፣ በአገር ቤት ልክ ከ11 ጋሻ በላይ ይሆናል። የወል መሬት መሆኑን ስነግራቸው አክስቴ ዙሪያውን ተመልክተው «ታዲያ ከብቶቹ የት አሉ?» አሉኝ። ጥያቄው የቀልድ ይምሰል እንጂ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጥንት የአካባቢው ባላገር ከብቱን የሚያሰማራበት፣ እንጨት የሚለቅምበት መሬት ነበር፤ ባለርስቱ ግን የአካባቢው ጌታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ባለርስቱ ኧርል (የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ስፔንሰር ከመሬቱ ከፊሉን ሸጦ የቀረውን አጥሮ መናፈሻ ሊያደርገው ተነሣ። ነዋሪዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው ተሟገቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1871 በወጣ ሕግ መሬቱ እንዳይታጠርና እንዳይገነባበት ተደረገ፤ ለጌታውም በዓመት 1,200 ፓውንድ እንዲከፈለው ተወሰነ። እስከ ዛሬም ድረስ ከሜዳው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ ርቀት ውስጥ ያሉ ቤቶች ለጥበቃው የሚውል የተለየ ግብር ይከፍላሉ፤ ከአስተዳዳሪዎቹም አብዛኞቹን የሚመርጡት እነዚሁ ከፋዮች ናቸው። እንግዳው ግን ምንም ሳይከፍል ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል። በዚህ ውድ መንደር ከሚገኘው ሁሉ የሚበልጠው በነፃ የሚገኘው ነው የምለውም ለዚህ ነው፤ ደግሞም በነፃ የቀረው ሰዎች ስለታገሉለት እንጂ እንዲሁ አይደለም።

በጫካው መንገድ ላይ ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ከዛፎቹ መካከል ብቅ ቢሉ እንዳትደናገጡ። ጎልፍ ተጫዋቾች ናቸው፤ በወል መሬት ላይ ስለሚጫወቱ፣ መንገደኛው ከሩቅ አይቷቸው ከኳሱ እንዲጠነቀቅ ቀይ መልበስ ግዴታቸው ነው። ፈረሰኛ የሜዳ ጠባቂዎችም አሉ፤ እኔ አንድ ጊዜ በጫካው ውስጥ መንገድ ጠፍቶኝ ስዞር ያወጣኝ ከእነርሱ አንዱ ነው።

በሜዳው መካከል እ.ኤ.አ. በ1817 የተሠራ የነፋስ ወፍጮ ቆሟል። ነፋሱ ክንፎቹን ሲያሽከረክር፣ ኃይሉ ከላይ ጀምሮ ውስጡ በተቦረቦረ ምሰሶ ውስጥ ባለ ዘንግ ወርዶ ከታች ያለውን የወፍጮ ድንጋይ ያዞር ነበር። መፍጨት ያቆመው ያ የመሬት ክርክር በተነሣበት ዓመት፣ ኧርሉ ወፍጮውን ገዝቶ ባለወፍጮዎቹ ዕቃቸውን ነቅለው ሲሄዱ ነው። ዛሬ በሞቃታማዎቹ ወራት ቅዳሜና እሑድ የሚከፈት ሙዚየም ሲሆን፣ ልጆች እህል በእጃቸው እንዲፈጩ የተዘጋጀ ድንጋይም አለው። አክስቴ ወደ ድንጋዩ ሲጠጉ ዓይናቸውን ማመን አልቻሉም፤ የእናታቸው ወፍጮና መጅ ነው። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መጁን ከጎን ወደ ጎን ሲያንሸራትት ጥቂት ታገሡት፤ ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው ተንበረከኩ፣ መጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ከወገባቸው እየገፉና እየሳቡ ስንዴውን በሦስት ምልልስ አደቀቁት። የልጁ እናት እያጨበጨበች ሳለ እሳቸው ዱቄቱን በጣታቸው ፈትገው አዩና «ገና ሸካራ ነው» ብለው እንደገና ጀመሩ። ከዚያ ላስነሣቸው ተቸገርኩ።

ስለ ቴኒሱ አጭር ነገር ልበል። ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1877 ሲሆን፣ አሁን ወዳለበት ወደ ቸርች ሮድ የተዛወረው በ1922 ነው። ትኬት ያልያዘ ሰው በአጠገቡ ባለው መናፈሻ ተሰልፎ፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ተቀብሎ በዕለቱ ሊገባ ይችላል፤ ድንኳን ተክለው ሌሊቱን የሚያድሩም አሉ። እኔ አንድ ጊዜ ተሰልፌ ዝናብ ጠግቤ ተመልሻለሁ፤ ይበቃኛል።

ከዚያ ይልቅ በካሎን ሮድ ያለውን የታይላንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ማየት ይሻላል። በብሪታንያ የመጀመሪያው የታይ ቤተ መቅደስ ነው፤ ቀይና ወርቃማ ጣሪያው በእንግሊዝ ዛፎች መካከል ድንገት ብቅ ይላል። ጫማ አውልቆ መግባት እንዳለ ለአክስቴ ማስረዳት አላስፈለገም። በውስጡ ግድግዳው በሙሉ የቡድሃን ሕይወት በሚተርክ ሥዕል የተሸፈነ ሲሆን፣ ሠዓሊዎቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሥሉት ከመላእክቱና ከአጋንንቱ መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ጨምረውበታል። ይህን ስነግራቸው አክስቴ አልተገረሙም፤ በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ያሠራው ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣል የለም ወይ?

ሲመሽ 93 ቁጥርን የጠበቅነው ፓርክሳይድ በሚባለው መንገድ ዳር ነው። ጃንሆይ በእንግድነት የተቀመጡበት ቤት የነበረው በዚህ መንገድ ላይ መሆኑን የነገርኳቸው ያኔ ነው። «የትኛው ነው?» አሉኝ። ፈርሷል አልኳቸው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ከዛፎቹ ኋላ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ይመለከቱ ነበር፤ መጅ የያዙበት እጃቸው አሁንም በዱቄት ነጭ ነበር።