«ሜጀር ሪቪዥን» ሲመጣ፦ ለገምጋሚዎች መልስ አጻጻፍ

[በስክሪኑ ላይ፦ የተከፈተ ኢሜይል፣ «ውሳኔ፦ ሜጀር ሪቪዥን»]

ለጆርናል የላከው ጽሑፍ «ሜጀር ሪቪዥን»፣ ማለትም ትልቅ ማሻሻያ፣ ያስፈልገዋል የሚል ኢሜይል የደረሰው ተመራማሪ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የወደቀ ይመስለዋል። አልወደቀም። ኤዲተሩ ባይፈልገው ኖሮ «ሪጀክት» ብሎ ይዘጋው ነበር። ጥያቄዎቹ በደንብ ከተመለሱ የመታተም ዕድል አለው፤ ያን ዕድል የሚወስነው ደግሞ አብሮ የሚላከው የመልስ ደብዳቤ ነው።

ጽሑፉ እስከዚህ የመጣበትን መንገድ ባጭሩ እንይ። በመጀመሪያ የጆርናሉ ጽሕፈት ቤት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መኖሩን፣ ከሌላ ጽሑፍ የተገለበጠ ክፍል አለመኖሩን ያጣራል። ቀጥሎ ኤዲተሩ ያነበዋል፤ ከጆርናሉ ዘርፍ ውጭ ከሆነ ገምጋሚ ሳያየው ይመለሳል። ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚዎች ይፈለጉለታል። ወራት የሚፈጀው እዚህ ላይ ነው፤ ገምጋሚዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ያለ ክፍያ ስለሆነ ግብዣውን የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ያለ አንድ አስተያየት፣ «ተቀብለናል፣ ክፍያ ላኩ» የሚል ጆርናል ካጋጠማችሁ ግን ጽሑፋችሁን ማንም አልገመገመውም። ገንዘብ ሳትከፍሉ አውጡት።

ገምጋሚ ይመክራል፤ የሚወስነው ኤዲተሩ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ስትጽፉ ጽሑፉን በቅርብ ያላነበበ ኤዲተር እንዲገባው አድርጋችሁ ጻፉ።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሦስት ፋይሎች]

ለምሳሌ ፕሎስ ዋን የተባለው ጆርናል ሦስት ፋይል ለየብቻ ይጠይቃል፦ ለገምጋሚዎች የተሰጠ መልስ፣ ለውጦቹ በትራክ ቼንጅ የሚታዩበት ጽሑፍ፣ ምልክት የሌለበት ንጹሕ ጽሑፍ። በመልሱ ፋይል የገምጋሚውን አስተያየት ቃል በቃል ቅዱና ቁጥር ስጡት። ከሥሩ መልሳችሁን፣ ቀጥሎም የተለወጠውን ዓረፍተ ነገር ራሱን ከመስመር ቁጥሩ ጋር አስገቡ። ቁጥሩ ከየትኛው ፋይል እንደተወሰደም ጻፉ፤ ትራክ ቼንጅ ሲበራ መስመሮቹ ይዛወራሉ። «ተስተካክሏል» ብቻ ብሎ ማለፍ ኤዲተሩን ጠቅላላ ጽሑፉን እንዲያስስ ያስገድደዋል። አንድ አስተያየት ሦስት ጥያቄ ከያዘ 1.1፣ 1.2፣ 1.3 ብላችሁ ለያዩት። በሁለተኛው ዙር ተመልሶ የሚመጣው ሳይመለስ የታለፈው ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ «ቀበሌዎች ተመርጠው ከየቀበሌው ሴቶች ከተወሰዱ፣ ዲዛይን ኢፌክት ለምን አልታሰበም?»]

እንዲህ ያለ አስተያየት እንዴት ይመለሳል? ዲዛይን ኢፌክት ማለት ሰዎች በቡድን፣ ለምሳሌ በቀበሌ፣ ሲመረጡ የናሙናው ቁጥር በስንት እጥፍ መጨመር እንዳለበት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ጥናቱ በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ ስላለው የደም ማነስ ነው እንበል። ስርጭቱ 50 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ተብሎ ሲሰላ የሚያስፈልገው የሴቶች ቁጥር 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423። በአገራችን የጤና ጥናቶች ውስጥ ይህ ቁጥር እጅግ የተለመደ ስለሆነ ገምጋሚ ወዲያው ያውቀዋል። ችግሩ፣ በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ሴቶች በአመጋገብም በውሃ ምንጭም ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ 423ቱ ሴቶች በነጻ ዕጣ የተመረጡ ያህል መረጃ አይሰጡም። ዲዛይን ኢፌክት 2 ቢወሰድ 768፣ ከ10 በመቶው ጋር ደግሞ 845 ሴቶች ያስፈልጉ ነበር።

መረጃው ተሰብስቦ አልቋል። እዚህ ላይ የሚሠራው ከባዱ ስህተት 423ን እንዲያመጣ ተደርጎ አዲስ ቀመር መጻፍ ነው። ይህ ማጭበርበር ነው፤ የመጀመሪያው ፕሮቶኮልም በሥነ ምግባር ኮሚቴው እጅ አለ። ትክክለኛው መንገድ፣ ዲዛይን ኢፌክት እንዳልታሰበ በግልጽ አምኖ፣ ትንታኔውን የቀበሌ መመሳሰልን በሚያስገባ ሞዴል እንደገና መሥራት፣ የሰፋውን የመተማመኛ ክልል ማሳየትና በጥናቱ ውስንነት ሥር መጻፍ ነው። አንድ ተለዋዋጭ በአዲሱ ስሌት ስታቲስቲካዊ ጉልህነቱን ካጣ ሰንጠረዡ ብቻ ሳይሆን አጠቃሎውም (አብስትራክቱም) መደምደሚያውም ይለወጣል። አሮጌ ቁጥር በአጠቃሎው ውስጥ ረስቶ መላክ በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ የገምጋሚን እምነትም ቶሎ ያጠፋል።

ሌላው ዘወትር የሚመጣ አስተያየት፦ ክሮስ ሴክሽናል ጥናት በአንድ ጊዜ የሚለካ ስለሆነ «ግንኙነት አለው» ይላል እንጂ «ያስከትላል» አይልም። ከርዕሱ ጀምራችሁ በሁሉም ቦታ አርሙት።

ከገምጋሚ ጋር አለመስማማት ይቻላል፤ ምክንያቱንና ማስረጃውን በአክብሮት ማስቀመጥ ይበቃል። ሁለት ገምጋሚዎች ቢጋጩ፣ አንዱ መግቢያው ይጠር፣ ሌላው ይጨመርበት ቢሉ፣ አንዱን መርጣችሁ ለምን እንደመረጣችሁ ለኤዲተሩ ግለጹ። ገምጋሚው ከጥናቱ ጋር የማይገናኙ ጽሑፎች እንድትጠቅሱለት ከጠየቀ መጥቀስ ግዴታ የለባችሁም፤ ይህንንም ለኤዲተሩ አሳውቁ።

የጊዜ ገደቡን ተጠንቀቁ። ለትልቅ ማሻሻያ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ ለትንሽ ማሻሻያ የተወሰኑ ሳምንታት ይሰጣል። ካለፈ ጽሑፉ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል፤ ከማለፉ በፊት በኢሜይል የተጠየቀ ማራዘሚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የማተሚያ ፕሩፍ፣ የደራሲያን ስም ተከቦ]

ተቀባይነት ሲያገኝ ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት ደራሲው የሚያርመው የመጨረሻ ቅጂ፣ ይላካል፤ ብዙ ጆርናሎች በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። የሰንጠረዥ ቁጥሮችንና ስሞችን እዩ። የጆርናሎች ሲስተም የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ አንድ ተመራማሪ በአንዱ ጽሑፍ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ሥራው የሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ከታተመ በኋላ ለማረም ጆርናሉ የእርማት ማስታወቂያ ማውጣት ስላለበት፣ ስሙን ፕሩፉ እጃችሁ ላይ እያለ አስተካክሉ።