የልጆች አስም፣ ዘርና ጭንቀት፦ የድሬዳዋ አድማጮች ጥያቄና የሕፃናት ሐኪሙ መልስ

ከሳቢያን፦ አስም አለብኝ። ልጄ ይወርሰኛል?

ዕድሉ ከሌላው ልጅ ከፍ ይላል፤ አባቱም ካለበት ይብሳል። የግድ ግን አይደለም። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዘረ መሎች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፤ የቀረውን ጢስ፣ አቧራና ጉንፋን ይሞሉታል።

ከከዚራ፦ ልጄ የሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። አባቱ «ላለማጥናት ነው» ይላል።

አቦ፣ አባቱን አቅርቢልኝ! ማስመሰል አይደለም። ጭንቀት ብቻውን አስም አይፈጥርም፤ ያለበትን ልጅ ግን ያስነሳበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ላይ፣ ቤታቸው ለረጅም ጊዜ ችግር የከረመና በዚያ ላይ ድንገተኛ ነገር የደረሰባቸው የአስም ታማሚ ልጆች፣ ፓፍ በሚባለው፣ በአፍ በሚነፋው ዕቃ የሚወሰደውን መድኃኒት ለመቀበል የሚያገለግሉት ዘረ መሎቻቸው ሥራ በጣም ቀንሶ ተገኝቷል። ዘርና ጭንቀት እንዲህ ይገናኛሉ። ቁጣውን ይቀንስ። በፈተና ሰሞን ደግሞ ፓፉን እንዳታቋርጡ!

ከመጋላ፦ ፓፍ ሱስ ያስይዛል ሲሉኝ ልጄ ስትሻላት ቡኒውን አቆምኩ። ሲያፍናት ሰማያዊውን ከፋርማሲ እገዛለሁ።

ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ሱስ አያስይዝም! ስሚኝ እህቴ፤ ሰማያዊው ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ የውስጡን እብጠት አይነካም። እብጠቱን የሚያበርደው በየቀኑ የሚነፋው ቡኒው፣ ቤክሎሜታዞን ነው፤ እሱም ሥራውን የሚያሳየው ቀስ ብሎ ነው። የተሻላት እሱን ስለወሰደች ነው። ዝናብ አልመታኝም ብሎ ጣሪያውን የሚያፈርስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰማያዊውን በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ከፈለገች አስሟ ቁጥጥር ውስጥ አይደለም። በሰማያዊ ብቻ ተይዘው ከርመው፣ በመጨረሻ እሱም አልሰራ ብሏቸው በሌሊት የሚመጡብን ልጆች አሉ። መቀነስም ሆነ ማቆም የሐኪም ሥራ ነው፤ የጎረቤት አይደለም።

ደግሞ በቀጥታ አፏ ውስጥ አትንፊባት፤ አብዛኛው ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ስፔሰር፣ ማለትም ፓፉ ላይ የሚሰካው መተንፈሻ ዕቃ፣ ከሌለሽ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ እጠቢና አድርቂ። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቅደጂ፣ ፓፉን ሰክተሽ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊ። አንዴ ስትነፊ በጠርሙሱ አፍ 5 ወይም 6 ጊዜ በዝግታ ትተንፍስ። ከቡኒው በኋላ አፏን ትጉመጥመጥ።

ከለገሃር፦ ቤታችን በርጫ አይጠፋም፤ ሲጋራም ዕጣንም አለ። መስኮት ብንከፍት ይበቃል?

አይበቃም። ሲጋራው ከቤት ይውጣ፣ ዕጣኑም ልጁ ባለበት አይጨስ። እንግዳው ቢቀየም ይቀየም።

ከአዲስ ከተማ፦ ሙቀቱ ነው፣ ሐረር ውሰዱት አሉን።

ለሽርሽር ውሰዱት፤ ፓፉን ይዛችሁ።

ስሟን ያልገለጸች እናት፦ እኔና ባለቤቴ ልንፋታ ነው። ልጃችን ሌሊት እየተነሳ ያፍነዋል።

ይሄ በሬዲዮ የሚመለስ አይደለም። ሐኪም ይየው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም ያናግራችሁ። እስከዚያ ጭቅጭቁ እሱ በሌለበት ይሁን። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ጎድኑ ሥር ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ንጋትን አትጠብቁ። ባጃጅ ያዙና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ፤ መንገድ ላይም ሰማያዊውን ንፉለት።