በሰከንድ ስድስት ምት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ስለ ፐንክ ሮክ ድራመር ላወራ ነው። ስለ ዘፋኙና ስለ ጊታሪስቱ ብዙ ተብሏል። ከኋላ ተቀምጦ በላብ የሚጠመቀው ሰውዬ ግን «እሱማ ምን አለበት፣ መቀጥቀጥ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ቴምፖው፣ ማለትም የዘፈኑ ፍጥነት፣ በደቂቃ 180 ምት ነው እንበል። ቀኝ እጅ በእያንዳንዱ ምት ላይ ሃይ-ሃቱን፣ ማለትም በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉትን ጥንድ ሲምባሎች (የብረት ሳህኖች)፣ ሁለቴ ይመታል። በደቂቃ 360፣ በሰከንድ ስድስት መሆኑ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይቆም ቢጫወት 10,800 ጊዜ፤ ያውም በአንድ እጅ። ሌላ ሙዚቃ ላይ እጅ ሲዝል ክፍተት ትቶ፣ ማስዋቢያ ጣል አድርጎ ማለፍ ይቻላል። እዚህ አንዷ ብትጎድል ያስታውቃል። ቀላልነቱ መደበቂያ ያሳጣል እንጂ ሥራውን አያቀልም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

የፐንክ ባንዱን የራሞንስን ድራመር ቶሚ ራሞንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1949 ቡዳፔስት ተወለደ፤ ራሞንስ በ1974 ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ሲመሠረት የእሱ ድርሻ ማኔጀርነት ነበር። ድራሙን የያዘው፣ በኋላ ዘፋኝ የሆነው ጆይ ነው። ጆይ ወደ ዘፋኝነት ሲዞር ድራመር ተፈለገ፤ የመጡት ሁሉ ግን የሚያውቁትን ሁሉ ካላሳየን አሉ። የተፈለገው ቀጥ ያለ ምት ብቻ ነበርና በመጨረሻ ቶሚ ራሱ ተቀመጠ። ለ1976ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው 6,400 ዶላር ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቶሚ የኮንሰርት ጉዞው አሰልችቶት ወንበሩን ለአዲሱ ድራመር ለማርኪ ለቀቀ።

እንግዲህ ያ እጅ እንዴት ይዘልቃል? ስቲኩ፣ ማለትም የድራም መምቻው ዱላ፣ ከኋላ ጫፉ አንድ ሦስተኛው ገደማ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይያዛል፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች ይደግፋሉ እንጂ አይጨብጡም። ከዚያ አንድ የእጅ አንጓ እንቅስቃሴ ሁለት ምት እንዲያወጣ ማድረግ ነው። አንጓው ሲወርድ የስቲኩ ወገብ የሃይ-ሃቱን ጠርዝ ይመታል፤ አንጓው ሲነሣ ደግሞ ጫፉ ከላይ ነካ አድርጎት ያልፋል። ጠንከር፣ ለስለስ፤ ጠንከር፣ ለስለስ። ስድስቱ ምት በሦስት እንቅስቃሴ አለቀ ማለት አይደል? ልምምዱ ከ140 ይጀመር። ሦስት ደቂቃ ሳይዝል ከተያዘ አራት ይጨመራል፤ ክንድ መጠጠር ከጀመረ አራት ይቀነሳል። ክንዱ የሚጠጥረው በአብዛኛው ስቲኩ ስለሚጨበጥ ነው፤ ትንፋሽ መያዝም ያባብሰዋል።

መድረክ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደም ሲሞቅ 180 የነበረው ዘፈን 195 ላይ ይጀመርና በሦስተኛው ዘፈን ክንድ ያልቃል። መድኃኒቱ ብልጭ የሚል ሜትሮኖም (ቴምፖ ጠባቂ መሣሪያ) ከሃይ-ሃቱ አጠገብ አስቀምጦ፣ ዘፈኑን የሚያስጀምሩትን አራቱን ከመቁጠር በፊት የዘፈኑ ሁለት መስመር የሚፈጀውን ያህል እያዩት መጠበቅ ነው። እነዚያ አምስት ሰከንዶች ረጅም ይመስላሉ። ይምሰሉ!

ዕቃን በተመለከተ፣ ብዙ ባንድ በሚሰለፍበት ምሽት ድራሙ የጋራ ነው፤ ስኔር (ጠፍጣፋው፣ ሹል ድምፅ ያለው ድራም)፣ ሲምባልና የእግር ፔዳል ግን እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል። ስኔሩን ቆዳውንና የብረት ጠርዙን አንድ ላይ መምታት የፐንክ ድምፅ ነው፤ ሁልጊዜ በሚመታው ቦታ አጠገብ ያለው ብሎን ግን እየላላ ይሄዳል፣ ድምፁም ይወርዳል። በየሁለት ሦስት ዘፈኑ በድራም ቁልፍ ሩብ ዙር ማጥበቅ ነው። ሲምባል የሚሰነጠቀው ደግሞ ከኃይል ብዛት ብቻ አይደለም። ስታንዱ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ቱቦ ስታልቅ ብረቱ የሲምባሉን ቀዳዳ ይሞርደዋል፤ ላይኛው ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ሲምባሉ መወዛወዝ ስለማይችል ጠርዙ ይሰነጠቃል። የሳንቲም ዋጋ ያላት ቱቦ ናት ውዱን ሲምባል የምታስበላው። በእግር የሚመታው ትልቁ ቤዝ ድራም ወደ ፊት እየሸሸ ካስቸገረ ከድራሙም ከወንበሩም ሥር አንድ ምንጣፍ ይዘርጋ፤ ድራመሩ ራሱ ክብደት ሆኖ ይይዘዋል።

ጆሮ ላይ ቀልድ የለም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ኒዮሽ ለ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፤ ድራም ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። ተራው የስፖንጅ መድፈኛ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል፤ ድራመሩ ሲምባሉ አልሰማው ሲል የበለጠ ይቀጠቅጣል፣ ክንዱም ቶሎ ያልቃል። ለሙዚቀኛ የሚሠራው ማጣሪያ ያለው መድፈኛ ሁሉንም ድምፅ በእኩል ስለሚቀንስ ይሻላል።

ቶሚ ከወንበሩ ሲነሣ 29 ዓመቱ ነበር። ራሞንስን ግን አልተለየም፤ ቀጣዩን አልበም ፕሮዲውስ ካደረጉት አንዱ ነው። በ1985 ደግሞ ለሌላው የሮክ ባንድ ለሪፕሌስመንትስ አልበም ፕሮዲውስ አደረገ። ከዓመታት በኋላ ብሉግራስ የተባለውን የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ የሚጫወት የሁለት ሰው ባንድ ውስጥ ማንዶሊን፣ ትንሿን ባለ ክር መሣሪያ፣ ይዞ ብቅ አለ። ማንዶሊን! እሱም ቢሆን ቀኝ እጅ አያሳርፍም።